እትዬ የሺ የጨመሩልን ስምንት ዓመት

ነጋዴ ነኝና ከወጪው ልጀምር። እትዬ የሺ አንድ ሙሉ የክረምት ገበያ አሳጥተውኛል። ካርቶን ውስጥ አቧራ የሚጠጡት ማዳመጫዎች በሳቸው ትእዛዝ የተገዙ ናቸው። ከሱቄ በር ላይ የወረደው ወፍራም ቀይ መጋረጃ፣ ከፊሽካ ጋር የነበረኝ የልጅነት ወዳጅነት፣ በአንድ ታጣፊ ወንበር ምክንያት ከታክሲ ረዳት የቀመስኩት ስድብ፣ ይኼ ሁሉ በሳቸው ስም የሚያዝ ነው። የቀረውን መጨረሻ ላይ እንተሳሰባለን።

ማረፋቸውን የነገረችኝ ቤተል ናት። እትዬ የሺን ስታውቃቸው ዐሥራ አንድ ዓመቷ ነበር፤ ዛሬ ቁመቷ ከኔ እኩል ሆኗል። ባንኮኒው ላይ ኬብል እየጠቀለልኩ ሳለሁ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች ገብታ ቆመች።

«ጋሽ ተካ፣ እትዬ ሚውት አረፉ።» ልጆቹ እትዬ የሺን የሚጠሯቸው እንዲህ ነው።

የጠቀለልኩት ኬብል ከእጄ ተፈታ። «ማን ነገረሽ?»

«ከስልካቸው መልእክት መጣልኝ። የእህታቸው ልጅ ነኝ ትላለች። እኔ ግን ዝም ብዬ አላመንኳትም። ስሟን ጠየቅኋት፣ እትዬ እቤት የሚጠሯትን ስም ጠየቅኋት፣ የፔርሙዛቸውን ቀለም ሳይቀር ጠየቅኋት። ልጅቷ እያለቀሰች መለሰችልኝ።» ይህን ብላ እሷም ማልቀስ ጀመረች። «ክፉ ነኝ አይደል?»

«አይደለሽም» አልኳት። «እሳቸው ቢሆኑ አንድ ጥያቄ ይጨምሩ ነበር።»

እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች። እኔ ደግሞ የሌለ አቧራ ከባንኮኒው ላይ መጥረግ ጀመርኩ።

ሱቄ ጌም ቤት ናት። ከፒያሳ ወደ አፍንጮ በር ሲኬድ፣ ከፈረሳ የተረፈች፣ ፊቷ ጠባብ ሆዷ ረዥም ክፍል። ግድግዳውን ተደግፈው ስክሪኖች ተደርድረዋል፣ ኢንተርኔቱ ሲመጣ ልጆቹ ከዓለም ጋር ይጫወታሉ፣ ሲሄድ እርስ በርስ ይጣላሉ። እናቶች ይረግሙኛል፤ ሥራ ሲያመሽባቸው ደግሞ «ተካ፣ እስክመጣ እዚያው ትቆይልኝ» ብለው ይደውላሉ። የቤተል እናት ሰናይት ከነሱ አንዷ ናት። ወርቅ ቤት ተቀጥራ ትሠራለች፤ አለቃዋ እስኪዘጋ አትወጣም። ስለዚህ ቤተል ከትምህርት ቤት ስትለቀቅ መዋያዋ እኔ ጋ ነበር ማለት ይቻላል።

እትዬ የሺ የመጡት አንድ ሰኞ ከሰዓት ነው። ሙሉ ስማቸው የሺመቤት፣ የአንድ መሥሪያ ቤት ባለሙያ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ እኔም ገና ፈቃድ የማሳድስ ሰው ነኝ። አጠር ያሉ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ፣ በአንድ እጃቸው ፋይል በሌላው ትንሽ አረንጓዴ ፔርሙዝ የያዙ። ከመጋረጃዬ ፊት ቆመው በሁለት ጣት ቆነጠጡት።

«አቶ ተካልኝ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«መጋረጃ ነዋ። ፀሐይ ስክሪኑ ላይ እያረፈች አላሳይ ትላለች።»

«የሚከልሉት ፀሐይዋን ነው ወይስ እናቶችን?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚጠይቅ የመንግሥት ሰው አደገኛ ነው። ቶሎ ብዬ ሻይ ልዘዝ አልኩ። ፔርሙዛቸውን ከፍ አድርገው አሳዩኝ። ወንበር ሳብኩላቸው። «ወንበሩ የእርስዎ ነው። የእርስዎ ወንበር ላይ ተቀምጬ ስለእርስዎ ቤት ብጽፍ ብዕሬ ያዘነብላል» ብለው ቆመው ጻፉ። በዕድሜዬ የመንግሥት ሰው ወንበር እምቢ ሲል ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ቢመለሱ ይሻላል፣ ባይመለሱ ደግሞ ይበልጥ ይሻላል ስል ሰነበትኩ። ተመለሱ። ያውም የራሳቸውን ታጣፊ ወንበር ይዘው። የታክሲው ረዳት ለወንበሯም ሒሳብ ጠይቋቸው ኖሮ፣ እንደተነታረኩ ነው በሬ ላይ የወረዱት። በኋላማ ወንበሯን ተሸክሜ ታክሲ የማሳፍራቸው እኔ ሆንኩ። ረዳቱም ፊቱን ወደኔ አዞረ።

ሥራቸው ስለ ጌም ቤቶችና ስለ ልጆች መመሪያ መጻፍ ነበር። የሚጻፍለትን ነገር ሳይነኩ መጻፍ አይሆንላቸውም። «ሕግ የሚሰፋ ሰው መጀመሪያ ራሱ ይልበሰው፤ የት ጋ እንደሚያጣብቅ ያኔ ያውቃል» ይሉ ነበር። እናም ወንበራቸውን ዘርግተው ከቤተል ጎን ተቀመጡና «አስተምሪኝ» አሏት።

ያኔ በኔ ቤት ማዳመጫ የሚባል ነገር አልነበረም። ድምፁ ሁሉ በአንድ ትልቅ እስፒከር ይወጣል። ከየትኛው አገር እንደሆነ የማይታወቅ አንድ ጎረምሳ በስክሪኑ ውስጥ ይሳደባል፣ ቤቱ በሙሉ ይሰማል። እትዬ የሺ በመጀመሪያው ቀን ቋንቋው ባይገባቸውም ዜማው ገባቸው። ማይኩን ከቤተል እጅ ወሰዱና ወደ አፋቸው አስጠጉ።

«አንተ ልጅ! የማን ልጅ ነህ አንተ?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ቤተል ወንበሯ ላይ ተጠቅልላ «እትዬ፣ አማርኛ አይሰማም እኮ!» አለቻቸው።

«ቁጣ ይሰማል» አሉ። እውነትም ልጁ ለአፍታ ዝም አለ።

ከዚያ ቤተል የአንድን ተጫዋች ድምፅ የምትዘጋዋን ቁልፍ አሳየቻቸው። ልጆቹ «ሚውት» ይሏታል። ተጫኗት። ስድቡ ተቋረጠ፤ የጌሙ ሰው አፍ ብቻ ሲንቀሳቀስ ይታያል። እትዬ የሺ ቁልፏን ደጋግመው ዘግተው ከፈቷት።

«ይኼን ያህል ቀላል ነው? እኛ ለስብሰባችን አንድ እንኳ ቢኖረን!»

ልጆቹ «እትዬ ሚውት» ያሏቸው ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው። ሲናገሩ የማያባሩ ሴት ስለነበሩ ስሙ ይበልጥ አማረባቸው።

ቤተል የምትወደው ጨዋታ ቤት የሚሠራበት ነው። ድንጋይ ትፈልጣለህ፣ እንጨት ትቆርጣለህ፣ ትገነባለህ። እትዬ የሺ ኮንዶሚኒየም ተመዝግበው ዕጣ ሲጠብቁ ያረጁ ሴት ናቸው፤ ተከራይተው ነው የኖሩት። እዚያ ስክሪን ውስጥ ግን ባለ ሁለት ክፍል ቤት ገነቡ። መጀመሪያ የሠሩት በር ነበር። ግድግዳ ሳይኖር በር ብቻውን ሜዳ ላይ ቆመ።

«እትዬ፣ በር መጨረሻ ላይ ነው የሚገባው» አለቻቸው ቤተል።

«በር የሌለው ቤት መንገድ ነው፣ ልጄ» አሏት። «እኔ ከበር ነው የምጀምረው።»

ከዚያ ወዲያ ከሥራ ሲወጡ ለግማሽ ሰዓት ያህል ጎራ ማለት ለመዱ። የሚጫወቱበትን ከፍለው ነው። አልቀበልም ብል «እንግዲያው አልጫወትም» ይላሉ። ቤተል በጌሙ ውስጥ ጭቃ ስታቦካላቸው፣ እሳቸው የቤት ሥራዋን ያርሙላታል። ልጅ አልነበራቸውም። ጠይቄያቸው አላውቅም፣ አልነገሩኝም፤ ግን የቤተል ፀጉር ሲፈታ ሥራቸውን ትተው ሲጎነጉኑ አይቻለሁ።

መመሪያው ወጣ። መጋረጃው ይውረድ፣ ወረደ። ትንንሾቹ የጎረምሶቹን ስድብ እንዳይሰሙ ለየራሳቸው ማዳመጫ ይኑራቸው፣ ገዛሁ። ትልቁ አንቀጽ ግን ሌላ ነው፦ እያንዳንዱ ልጅ በራሱ ስም ይመዝገብ። እስከዚያ ድረስ በኔ ቤት የሚጫወት ልጅ ሁሉ አርባ ስድስት ዓመቱ ነበር፤ በኔ ስምና በኔ ዕድሜ ነበራ የሚገቡት! አሁን ግን እውነተኛ የልደት ዘመናቸውን ይሞላሉ። ማሽኑ ልጅ መሆናቸውን ካወቀ፣ የማያውቁት ሰው እንዳያናግራቸው ራሱ ይዘጋባቸዋል። ልጆች እንዳይዋሹ ደግሞ የተማሪ መታወቂያቸው ይታያል። የልደት ምስክር ወረቀት የሌለው ብዙ ነው፤ የተማሪ መታወቂያ ግን ሁሉም አለው። ይህን ያሰቡት እትዬ የሺ ናቸው። ድሃ ልጅ እንዳይቀር።

አንድ ቅዳሜ ራሳቸው መጥተው የልጆቹን መታወቂያ እያዩ አስሞሉ። «እንዳትዋሹ» ይላሉ በየመሐሉ። «የዋሸ ልጅ ማሽኑ ሊጠብቀው አይችልም።» ልጆቹ ተሰልፈው ሞሉ። በሬ ላይ «ተፈትሿል» የሚል ወረቀት ተለጠፈ፤ እናቶች አይተው ደስ አላቸው። ጎረምሶቹ ግን አልተደሰቱም። መመሪያው ላላ ብሎ መሳደብ ወደሚቻልበት ሄዱ፤ ወደ ውቤ በረሃ፣ ወደ ፊሽካ ቤት። ፊሽካ ፍስሐ ነው፣ የልጅነት ጓደኛዬ። ሲስቅ ያፏጫል። ክረምቱን በሙሉ ገበያዬን ይዞ እያፏጨ ከረመ።

ነገሩ ሁሉ የተበላሸው ትምህርት በተከፈተ ሰሞን፣ አንድ ረቡዕ ነው።

እትዬ የሺ ወንበራቸውን ዘርግተው የጓዳቸውን ግድግዳ ይሠራሉ። ቤተል ከጎናቸው ማዳመጫዋን አጥልቃ ታወራለች። ድሮ ቢሆን እስፒከሩ ያንን ሰው ለቤቱ ሁሉ ያሰማው ነበር። አሁን የሚሰማው የሷ ግማሽ ብቻ ነው።

«አፍንጮ በር... አዎ... እማዬ ወርቅ ቤት ነው የምትሠራው... እሺ።»

እትዬ የሺ እጃቸው ቆመ። ማዳመጫውን ከአንድ ጆሮዋ ቀስ ብለው አነሱ።

«ማንን ነው የምታናግሪው፣ የኔ ልጅ?»

«ጓደኛዬን። ኪሩ ይባላል።»

«ከትምህርት ቤት?»

«ከጌም። ስኪን ሊሰጠኝ ነው።» ስኪን ማለት ለጌሙ ሰው የሚለበስ ልብስ ነው፤ ለልጆቹ ከወርቅ ይበልጣል። «ቅዳሜ እዚሁ ፒያሳ ኬክ ቤት እንገናኝና ካርዱን እሰጥሻለሁ አለኝ።»

«ሰፈርሽን ለምን ነገርሽው?»

ቤተል ግራ ገባት። «'የማን ልጅ ነሽ፣ ሰፈርሽ የት ነው' አለኛ። ትልቅ ሰው ሲጠይቅ አይመለስለትም እንዴ?»

«ትልቅ ሰው ነው?»

«ድምፁ ትልቅ ነው።»

ኬብሌን ጥዬ መጣሁ። እትዬ የሺ ወደኔ ሳይዞሩ «ተካልኝ፣ የማያውቁት ሰው ድምፅ ለልጆች ዝግ ነው አላልክም?» አሉኝ። አንተ ያሉኝ ያኔ ነው፤ በሌላ ቀን ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር።

«ዝግ ነው፣ እትዬ። ከዐሥራ ስምንት በታች ከሆኑ ማሽኑ ራሱ ይዘጋል።»

«ክፈትና አሳየኝ።»

የቤተልን መዝገብ ከፈትኩት። ዕድሜ፦ ዐሥራ ዘጠኝ።

«ቤተል፣ ዋሸሽ?» አልኳት።

«አልዋሸሁም!» አለች። ቦርሳዋን ፈልቅቃ መታወቂያዋን አወጣች። «ይኸው! እትዬ ራስዎ አይተው ነው ያስሞሉኝ!»

መታወቂያው ላይ ያለው ዓመትና ስክሪኑ ላይ ያለው ዓመት አንድ ነው። ልጅቷ አልዋሸችም። እትዬ የሺ መነጽራቸውን አድርገው አንዴ ወረቀቱን አንዴ ስክሪኑን አዩ። ከዚያ በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ።

«ተካ፣ ይኼ ማሽን የሚቆጥረው በማን አቆጣጠር ነው?»

ያኔ ነው ለኔም የበራልኝ። «በፈረንጅ» አልኩ።

መታወቂያው በኛ ዓመተ ምሕረት ነው። ማሽኑ የኛን መስከረም አያውቅም። ልጅቷ የኛን ዓመት ስትሰጠው እሱ የራሱ መስሎት ስምንት ዓመት ጨመረላት። ለሷ ብቻም አይደለም። እውነቱን ለተናገረ ልጅ ሁሉ ጨምሯል። መመሪያውን ያዩት አለቆች፣ የፈረሙት፣ ማኅተም የመቱት፣ ያስፈጸምነው ነጋዴዎች፣ ማናችንም አላየነውም። ሁላችንም በሁለት አቆጣጠር መኖር ለምደን፣ የትኛው ላይ እንደቆምን መጠየቅ ትተናል።

እትዬ የሺ ቀርበው ያገኙት ወንበር ላይ ተቀመጡ። የኔ ወንበር ነበር። አላስተዋሉም።

«ዕድሜውን ቀንሶ የዋሸ ልጅ ቢኖር ድኖ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ጨዋዎቹን ነው ያስረጀኋቸው።»

ቤተል ቆማ ታለቅሳለች። ሳብ አድርገው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጧት፤ ለዚያ እንኳ ትልቅ ነበረች። «ስሚኝ። ትልቅ ሰው ሲጠይቅ መመለስ ጨዋነት ነው ተብለሽ አድገሻል። ልክ ነው። እኔም እንደዚያ ነው ያደግኩት። በዚህ ማዳመጫ ውስጥ ግን ጨዋነት ዝም ማለት ነው። 'የማን ልጅ ነሽ' ሲልሽ 'አንተስ የማን ልጅ ነህ' በይው። ካልመለሰ ቁልፏን ታውቂያታለሽ።»

«ተቆጡኝ?»

«አንቺን አይደለም። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ይህን ቃል ከባለሥልጣን አፍ ሰምቼ ስለማላውቅ ለማን እንደሚናገሩ ዞሬ አየሁ።

አለቃቸው ጋ እዚያው ደወሉ። እኔ የሰማሁት በዚህ በኩል ያለውን ነው። «አዎ... ስህተቱ የኔ ነው... አይ፣ ስብሰባው ሰኞ ነው፣ ቅዳሜ ከሰኞ ይቀድማል... በጸጥታ ይታረም? ጌታዬ፣ ሰውየውም እኮ በጸጥታ ነው ያናገራት!» ስልኩን ዘጉ። የቤተልን እናት አስጠርተን ነገርናት። ሰናይት መጀመሪያ ልጇን አቀፈች፣ ቀጥላ እኔን ሰደበች፣ በመጨረሻ እትዬ የሺን «ምን እናድርግ?» አለቻቸው።

«ነገ ጠዋት እዞራለሁ» አሉ። «ከውቤ በረሃ እስከ አፍንጮ በር ያሉት ጌም ቤቶች ሁሉ በኔ ወረቀት ነው ልጅ የመዘገቡት። ሌላም ኪሩ ይኖራል።»

«ወረቀት ይላኩላቸዋ» አልኩ።

«ወረቀቱ ነው እዚህ ያደረሰን፣ ተካ።»

በእግራችን ዞርን። ጌም ቤት ያለው ሰው እትዬ የሺን ሲያይ እንደ ግብር ሰብሳቢ ነው የሚያያቸው፤ መጋረጃውን ያስወረዱት፣ ማዳመጫ ያስገዙት እሳቸው ናቸው። በየበሩ ቆመው ያንኑ ይናገራሉ፦ «እኔ የጻፍኩት ስህተት ነው። የልጆቹን ዓመት ወደ ፈረንጅ ቀይሩት። አሁኑኑ።» አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ «ነገ ደግሞ ልትቀይሩት ነው» ይላል፣ አንዳንዱ ደንግጦ ወዲያው ይከፍታል። ከሰዓት ላይ ፊሽካ ጋ ደረስን።

«አቦ ተኬ! መንግሥትን ይዘህልኝ መጣህ?» አለ በሩን ተደግፎ።

እትዬ የሺ ነገሩት። ፊሽካ መጀመሪያ አልገባውም፣ ሲገባው አፏጨ።

«ቆይ ቆይ። መንግሥት 'ተሳሳትኩ' አለ እንዴ? እትዬ በሞቴ፣ ይድገሙልኝ፣ በስልኬ ልቅዳው። ካልቀዳሁት ማን ያምነኛል?»

እኔ «ተው አንተ ሰው!» ብዬ ስልኩን ልይዝ እጄን ዘረጋሁ። እሳቸው እጄን መለሱት።

«ቅዳው» አሉት። «መጀመሪያ ግን ግባና የልጆቹን ዓመት አስተካክል። ካስተካከልክ በኋላ የፈለግከውን ያህል እቆምልሃለሁ።»

ፊሽካ ሳቁ ተቋረጠ። ገባ። እሳቸው በሩ ላይ ፀሐይ እየመታቸው ቆዩ። ውስጥ ልጆቹን አንድ በአንድ እየጠራ ሲያስተካክል ይሰማል። ሲጨርስ ወጥቶ ስልኩን ደቀነ። እትዬ የሺ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ መነጽራቸውን አውልቀው፣ ስማቸውንና የሥራ ድርሻቸውን ተናገሩ። ቀጥለው ስህተቱ ምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚታረም፣ እናት አባት ዛሬ ማታ የልጁን ስልክ ከፍቶ የት ጋ ማየት እንዳለበት፣ ለጎረቤት እንደሚያስረዱ አድርገው አስረዱ። «የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ልጆቹ አልዋሹም፤ እንዳትቆጧቸው» ብለው ጨረሱ።

ፊሽካ ያንኑ ቀን ቲክቶክ ላይ ለቀቀው። ከበላዩ «መንግሥት ልጆቻችንን በስምንት ዓመት አስረጀ» የሚል ጽፎ፣ የሳቅ ድምፅ ጨምሮበት። ሊያሾፍባቸው ነበር። ሰው ግን ሳቁን አልፎ ስልኩን ከፈተ። ከማላውቃቸው ሰፈሮች ሳይቀር እናቶች ቁጥሬን ፈልገው እየደወሉ «የት ጋ ነው የሚታየው?» ይሉኝ ጀመር። እኔ ፊሽካን ከዚያን ቀን ጀምሮ አላናገርኩትም።

ቅዳሜ ደረሰ። ፖሊስ ጣቢያ ሄደን ነበር፤ ተቀብለው መዘገቡን፣ የሰውየውን የጌም ስም ጻፉ። እትዬ የሺ ግን እጃቸውን አጣጥፈው መቀመጥ አልቻሉም፤ ሰዓቱ ሲደርስ ኬክ ቤቱ ሄደን ተቀመጥን። እሳቸው ማኪያቶ አዘዙ፤ ሒሳቡን ራሴ ልክፈል ብል ገላመጡኝ። ከመስኮቱ አጠገብ፣ ጎልማሳ፣ ጢሙን የተላጨ፣ ደህና የለበሰ ሰው ተቀምጧል። ጠረጴዛው ላይ በሪቫን የታሰረች ትንሽ ከረጢት አለች። በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና ይላል፤ አጭር ልጅ እየፈለገ ነው፣ ዓይኑ ከሰው ወገብ በላይ አይወጣም። ይህን ያየሁት ዕድሜ ልኬን የደንበኛ ዓይን ሳነብ ስለኖርኩ ነው። እትዬ የሺም አዩ። ማኪያቶውን አስቀምጠው ተነሡ። ልከተላቸው ስል በእጃቸው «ቁጭ በል» አሉኝ። ከሰውየው ፊት ቆሙ።

«እንደምን ዋልክ?» አሉት። «የማን ልጅ ነህ?»

ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ሰውየው ቀና ብሎ አያቸው፣ ከረጢቷን አነሣ፣ የኬኩን ሒሳብ መልስ ሳይቀበል ወጣ። እትዬ የሺ ቁመናውንና የሄደበትን አቅጣጫ ለፖሊስ ተናገሩ። ከዚያ ወዲያ የሆነውን አላውቅም። ሲመለሱ ማኪያቶው ቀዝቅዟል፤ እንደዚያው ጠጥተው ሒሳቡን ከፈሉ።

በሁለተኛው ሳምንት ከቦታቸው አነሷቸው። ጥፋታቸው መሳሳት አልነበረም፤ ማንም ይሳሳታል። ጥፋታቸው በስልክ መቀዳት ነበር። መዝገብ ቤት፣ ምድር ቤት፣ መስኮት የሌለው ክፍል ሰጧቸው። ቆይቶ የታረመ መመሪያ ወጣ፤ የልደት ዘመን በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ የሚል አንቀጽ አለው። የሳቸው ስም የለበትም።

«አያሳዝንዎትም?» አልኳቸው አንዴ።

«ወረቀት እኮ አይሳደብም፣ ተካ» አሉኝ። ከዚያ ፔርሙዛቸውን ከደኑና «መስኮቱ ብቻ ነው የናፈቀኝ» አሉ።

ቅዳሜ ቅዳሜ መምጣታቸውን ግን አላቋረጡም። ማዳመጫዎቹን በካርቶን አስገባን፤ እስፒከሩ ተመለሰ፤ የሚሳደብ ጎረምሳ ካለ እሳቸው በማይኩ ይጠይቁታል። በስክሪኑ ውስጥ ያለውን ቤታቸውን ጨረሱት። መስኮት በያይነቱ አደረጉለት። አንዱን ግድግዳ ባየው መስኮቱ ከግድግዳው ይበዛል። ቤተል «እትዬ፣ ዝናብ ይገባል እኮ» ስትላቸው «ይግባ» ይሏት ነበር። ኋላ ሕመሙ መጣ፤ መጀመሪያ ወንበራቸውን እኔ ዘንድ ትተው መሄድ ጀመሩ፣ ከባድ ሆነባቸው። ከዚያ መምጣቱም ቀረ፤ ከአልጋቸው ሆነው ለቤተል መልእክት ይልኩ ነበር።

የለቅሶው ድንኳን ጋ ስደርስ አግዳሚ ወንበር ተሸክሞ የሚያስገባው ማን ይሁን? ፊሽካ። ጠጉሩ ሸብቷል። አይቶኝ ወንበሩን አስቀመጠ።

«ተኬ።»

«አቤት።»

«ቪዲዮውን አላጠፋሁትም» አለኝ። «ሳቁን ግን አወጣሁት። ቆይቷል። አሁንም ሰው ያየዋል፣ ይጠይቁኛል፣ እመልሳለሁ።» «ሙድ ልይዝባቸው ነበር እኮ» አለ። «ፀሐይ ላይ ያቆምኳቸውን ነው የማልረሳው።»

የአግዳሚውን አንድ ጫፍ ያዝኩለት፤ አብረን አስገባነው። ሰናይትና ቤተል ከሴቶቹ ጋር ተቀምጠዋል። ቤተል ስልኳን አሳየችኝ፦ የሜዳው ቤት፣ መስኮቶቹ፣ መጀመሪያ የቆመችው በር። «በሩን ዘግቼዋለሁ» አለችኝ። «ቁልፉ እኔ ጋ ነው።»

እንግዲህ እንተሳሰብ። ክረምቱ አይመለስም። ማዳመጫዎቹ ካርቶን ውስጥ ናቸው፣ ገዥ አላገኘሁም። መጋረጃው አልተሰቀለም። ታጣፊ ወንበሯ ሱቄ አለች፣ የረዳቱ ስድብም አብሮኝ አለ። ከፊሽካ ጋር ታርቀናል። እትዬ የሺ ቦታቸውን አጥተዋል፣ ኮንዶሚኒየሙም አልደረሳቸውም። ቤተል ያን ቅዳሜ ኬክ ቤት አልሄደችም።